ከዝናቡ በኋላ የነበረው ትዕይንት

ፊልሙ አለቀ፤ መብራት የሚያበራ ሰው ግን ጠፋ። ነጩ ሸራ ላይ ባዶ ብርሃን ተተክሎ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት አራት ተመልካቾች ፕሮፌሰሩ ከላይኛው ማሳያ ክፍል ወርደው እንደ ልማዳቸው «በሉ፣ ስድባችሁን አሰሙኝ» እስኪሉ ጠበቁ። አልመጡም። በመጨረሻ ኤዲተሯ ተነሥታ በአዳራሹ ጀርባ ያለውን ትንሽ በር ከፈተች። ከበሩ ማዶ ጨለማ ነበር። በዳበሳ ማብሪያውን ስትጫን ጩኸቷ አዳራሹን ሞላው።

ፕሮፌሰሩ ወደ ማሳያው ክፍል በሚያወጣው የብረት ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። እግራቸው ደረጃው ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል፤ ጭንቅላታቸው ሲሚንቶው ላይ ነው። ዐይናቸው አልተከደነም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሰው ሲያወራ የማታቋርጥ ሴት ናት። በጣቢያው «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ወሬ ሁሉ ያልፍባታል፣ ጠጠሩ ግን እሷ ዘንድ ይቀራል። አብሯት የመጣው ሳጅን ጡረታው የደረሰ፣ ነገር ዓለሙ የታከተው ሰው ነበር። ሬሳውን አንዴ፣ ደረጃውን አንዴ አየና ኮፍያውን አወለቀ።

«ደረጃው ጠባብ፣ ቦታው ጨለማ፣ ሰውየው ሽማግሌ። ምኑ ይመረመራል?» አለ።

«አንተ ከዚህ ደረጃ ስትወርድ ብትወድቅ በምንህ ትወድቃለህ?»

«ብደናቀፍ በፊቴ። ቢያንሸራትተኝ በመቀመጫዬ።»

«በመቀመጫህ ብትወድቅ እግርህ ወደ ታች፣ ጭንቅላትህ ወደ ላይ ሆኖ ነው የምትቀረው። እሳቸው ግን ተገልብጠዋል። ጀርባቸውን ለደረጃው፣ ፊታቸውን ለክፍሉ በር ሰጥተው ቆመው ነበር ማለት ነው። ሰው ፊቱን ወደ በር አዙሮ የሚቆመው በሩ ላይ የሚያናግረው ሲኖር ነው።»

ሳጅኑ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ኤዲተሯ ዞረች። «በሩን ስትከፍቺ ጨለማ ነበር ብለሻል። ማብሪያው የት ነው?»

«እዚሁ ታች፣ በሩ አጠገብ። ላይ ሌላ የለም።» ኤዲተሯ በጣቷ ጠቆመች። «ጋሼ ሲወጡ ያበሩታል፣ ሲወርዱ ያጠፉታል። ዐይናቸው ደክሟል፤ ያለ መብራት አንድ ደረጃ አይረግጡም።»

«እንግዲያው መብራቱን ያጠፋው ከእሳቸው በኋላ በእግሩ የወረደ ሰው ነው። መብራቱ እየበራ በሩን ቢከፍት ብርሃኑ ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ይገባና ያጋልጠዋል።» ኢንስፔክተሯ ትንሿን በር ገፋ መለስ አደረገቻት። ሲጢጥ አላለችም። «ወደ ውጭ መሸሽ የፈለገ ሰው ለዚህ አይጨነቅም። ይህ ሰው የተመለሰው ወደ ወንበሩ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት አራቱ እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ ለየብቻ እንዲጠብቁ አዘዘች።

ፕሮፌሰሩ ስማቸው ከሥራቸው ቀድሞ የሚታወቅ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ፊልማቸውን በውሰት ካሜራ፣ በጎረቤት ግቢ፣ ከዘመድ አዝማድ በተውጣጡ ተዋንያን ሠርተው ባሕር ማዶ ተሸለሙ፤ አገር ቤት ግን ለማየት የመጣው ከተዋንያኑ እናቶች ብዙም አይዘልም። ሁለተኛውን ሲቀርጹ ዋና ተዋናይት የነበረችው የባለቤታቸው ታናሽ እህት በጅምር ሕንፃ ላይ ከተሠራ የእንጨት ርብራብ ወድቃ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የሚያሠራቸው ጠፋ። የፊልም ትምህርት ቤቱ አስተማሪነት ሰጣቸው፤ ማዕረጉም ኋላ መጣ። ያስተማሯቸው ልጆች ቀልድና የሠርግ ቪዲዮ እየሠሩ ስም ሲያወጡ እሳቸው በየበጋው ዕረፍት አንድ ሁለት ተማሪ ይዘው፣ ማንም ያላዘዘውን ፊልም ሠርተው ማንም በማይመጣበት አዳራሽ ያሳዩ ነበር። የዛሬው የመጨረሻው ነው ብለው ነበር። የሕይወታቸውን ሥራ መለስ ብለው የሚያዩበት፣ ራሳቸው የሚናገሩበት ፊልም። የጋበዙት አራት ሰው ብቻ ነው።

ምርመራው በፕሮፌሰሩ ቢሮ ተጀመረ። ግድግዳው ማንም በማያስታውሳቸው ፊልሞች ፖስተር ተለብጧል፤ ወንበሮቹ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰሉም።

መጀመሪያ የገቡት ባለቤታቸው ነበሩ። ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ደረቅ ነው።

«ለምን አታለቅስም ትያለሽ አይደል?» አሉ ሳይጠየቁ። «እንባዬን እህቴ ጨርሳዋለች።»

«የት ነበር የተቀመጡት?»

«ከፊት። ከላይ ሆኖ ማጅራቴን እያየ ፊልሙ ማሰልቸቱን አለማሰልቸቱን ያውቅ ነበር።»

«ሲታይ የተለየ ነገር ሰሙ?»

«ምን ይሰማል? ዝናብ አለበት፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ ጆሮ የሚያደነቁር። ሰማይ የተደረመሰ ነው የሚመስለው። እሱ ሲያባራ እኔ ነኝ የምታየው፣ መስኮት ዳር ቆሜ። መቼ እንደቀረጸኝ እንኳ አላውቅም። ሌባ ነበር።»

«ይጠሏቸው ነበር?»

ሴትዮዋ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የጣታቸውን ቀለበት አዟዟሩት። «እህቴን ርብራብ ላይ የሰቀላት እሱ ነው። ያን ለት እኔ ቤት ነበርኩ፤ አብረዋት የነበሩት ሁሉ ግን ሰምተዋል። "ጋሼ ውጪ ብለዋል" ተብላ ነው የወጣችው። ከዚያ በኋላ አልጋ ለየሁ። ምግቡን አቀርባለሁ፤ ሸሚዙን እተኩሳለሁ፤ ቀና ብዬ ግን አላየውም። ልጃችን የሚያስታውሰው ቤት ይሄ ነው።»

«እሳቸው ራሳቸው "ውጪ ብያታለሁ" ብለው ነግረውዎታል?»

«ፖሊስ ሲጠይቀው "ዳይሬክተሩ እኔ ነኝ፣ ኃላፊነቱም የኔ ነው" አለ። ከዚህ ሌላ ምን ልስማ?»

 ኢንስፔክተሯ የጠየቀችው አንድ ነገር፣ የተመለሰላት ሌላ ነገር ነበር። አላስጨነቀቻቸውም።

ቀጥላ ኤዲተሯ ገባች፤ ከተማሪነቷ ጀምሮ ከፕሮፌሰሩ ያልተለየች፣ ስክሪን ላይ በማፍጠጥ ዐይኗ የቀላ ሴት።

«ፊልሞቹን ግማሽ በግማሽ የሠራኋቸው እኔ ነኝ ብል ማን ያምነኛል?» አለች። «ስሜ ሸራው ላይ የሚመጣው ሰው ተነሥቶ መውጣት ሲጀምር ነው። ግን ጋሼን አልገደልኳቸውም። ልገድላቸው የፈለግሁባቸው ቀኖች ሞልተዋል፤ ዛሬ ግን አንዱ አልነበረም።»

«ለምን ዛሬ አይሆንም?»

«እንጃ። ደስ ብሏቸው ነበር። ጠዋት ብቻቸውን ገብተው ፊልሙን ነካክተውታል። እንደ ልማዳቸው።»

«ምን ነካኩ?»

ኤዲተሯ ዐይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። «ትንሽ ነገር ነው። የእሳቸው አመል ነው።»

«ከአዳራሹ ማን ወጣ?»

«ልጃቸው በፊት ለፊቱ በር ሲወጣ የቀን ብርሃን ገብቷል፤ ሲመለስም እንዲሁ። ሌላ አላየሁም። የዝናቡ ትዕይንት ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው፤ አጠገብሽ ያለ ሰው ቢነሣ አታይውም። ድምፁንም ከፍ ያደረግሁት እኔው ነኝ።» ፊቷ ተለዋወጠ። «እሳቸው የወደቁት ያኔ ነው እንዴ? እኔ ነኝ ድምፁን...»

«ድምፅ ሰው አይገድልም፤ ሂጂ ዕረፊ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

ልጅየው የጥርስ ሐኪም ነው። ከሥራው በቀጥታ የመጣ ይመስላል፤ እጁ የመድኃኒት ሽታ አለው። ወንበር ሲሰጠው አልተቀመጠም።

«ከጠየቅሽኝ ልንገርሽ» አለ። «እኔ አባት አልነበረኝም፤ ዳይሬክተር ነበረኝ። አክስቴ የሞተች ሰሞን ሕፃን ነበርኩ። ስትቀር እያለቀስኩ ስጠይቀው ካሜራ ደቀነብኝ። አላቀፈኝም፣ ቀረጸኝ! ዛሬ ለሰው ሊያሳየው መሆኑን ስሰማ ጠዋት መጥቼ አውጣው አልኩት።»

«እምቢ አሉ?»

«ፊልም ያለ ሕመም አይሠራም ምናምን ብሎ ክፍል ውስጥ የሚለውን ማለት ጀመረ። ደሜ ፈላ። "አንተ ሰው የምትወደው በካሜራ ውስጥ ስታየው ብቻ ነው። የሞተችውንም በሕይወት ያለነውንም ለራስህ ይቅርታ መለመኛ አደረግኸን" አልኩት።»

«ምን መለሱ?»

«ምንም። አባቴ መልስ ሲያጣ አይቼ አላውቅም፤ ደነገጥኩ።» ልጅየው እጁን ኪሱ ከተተ። «ግን የኔን አላወጣውም። ፊቴ ሸራው ላይ ሲመጣ ተነሥቼ ወጣሁ። ሲጋራ አጤስኩ። ስመለስ እማዬ መስኮት ዳር ቆማለች።»

«ሲጋራ ስታጤስ ያየህ ሰው አለ?»

«የለም። እሰሩት በያቸው እንግዲህ።»

በሩ ሲዘጋ ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ጠጋ አለ። «ይኸው ሰውሽ። ጠዋት ተጣላ፣ ዝናቡ ሲዘንብ ወጣ፣ ምስክር የለውም።»

«በሁለት በር መውጣት የሚችል ሰው ለግድያ ብርሃን የሚያስገባውን አይመርጥም» አለች። «የመጨረሻውን ጥራልኝ።»

የመጨረሻው የትምህርት ቤቱ ዲን ነበር፤ ጢሙን የተላጨ፣ ልብሱ ያለ እንከን የተተኮሰ፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው። ያ አደጋ ሲደርስ የፕሮፌሰሩ ተማሪና ረዳት ዳይሬክተር ነበር። ዐይኑ አብጧል።

«እንደ አባት ነበሩልኝ» አለ። «ዛሬ ያለሁበት ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«በፊልሙ መሐል ከወንበርዎ ተነሥተዋል?»

«አልተነሣሁም። ብነሣ በተሻለኝ ነበር።»

«እንዴት?»

ዲኑ መሐረብ አውጥቶ በእጁ አፍተለተለው። «መቼም ፊልሙን ታዪዋለሽ፤ ሌሎቹም አይተውታል። ብደብቀው ምን ይጠቅመኛል? ከዝናቡ በኋላ ያ ርብራብ ይመጣል። ልጅቷን ያወጣኋት እኔ ነኝ። ጋሼ ርብራቡ ሳይጠብቅ ማንም እንዳይወጣ ብለው ዞር ብለው ነበር። እኔ ግን ጎበዝ ለመባል፣ ሲመለሱ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ እንዲያገኙ ብዬ "ጋሼ ውጪ ብለዋል" አልኳት። ካሜራው ይሠራ ነበር። የጋሼም ክልከላ፣ የኔም ድምፅ አለበት።»

ሳጅኑ መጻፉን አቆመ።

«እና ጥፋቱን ፕሮፌሰሩ ወሰዱ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«"ልጅ ነህ፤ ገና ሳትጀምር አትጥፋ" አሉኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ትንፍሽ አላሉም። ባለፈው ሰሞን ጠርተው "ሳላሳይህ ሰው ፊት አላቀርበውም" ብለው ያን ምስል አሳዩኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው፤ አልክድም። በኋላ ግን ተቀበልኩ። ዛሬ ሲታይ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ከፊት ናቸው፤ ዞረው እንዳያዩኝ ፈራሁ።»

«አልዞሩም?»

«አልዞሩም። ድንጋይ ሆነው ቀሩ።»

«ይበቃል፤ አመሰግናለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ዲኑ ሲወጣ ሳጅኑ በረጅሙ ተነፈሰ። «ሰው እንዲህ ራሱን አጋልጦ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ይሄ እንኳ እውነተኛ ነው።»

«እሱ ነው የከበደኝ» አለች። «ፊልሙን እንየው።»

ሁለቱ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ፊልሙን ከመጀመሪያው አዩት። ፕሮፌሰሩ በሸራው ላይ በሕይወት ነበሩ። ስላልተሳኩላቸው ፊልሞች ይቀልዳሉ፤ በራሳቸው ይስቃሉ። ያለቀሰው ሕፃን መጣ። ዝናቡ መጣ፤ አባራ። ኢንስፔክተሯ ወደ ኋላ እንዲመለስ ጠየቀች። እንደገና አየችው። ከዚያ ኤዲተሯን አስጠራቻትና በሩን ዘግተው ብቻቸውን ተነጋገሩ። ሲወጡ ኤዲተሯ ታለቅስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ወደ አዳራሹ ተጠሩና ትናንት በነበሩበት ወንበር እንዲቀመጡ ተነገራቸው። ባለቤታቸው ከፊት፣ ልጃቸው ከፊት ለፊቱ በር አጠገብ፣ ኤዲተሯ መሐል ላይ፣ ዲኑ ከኋላ፣ ከትንሿ በር ጥቂት ራቅ ብሎ።

ኢንስፔክተሯ ሸራው ሥር ቆመች።

«ፕሮፌሰሩ አልወደቁም፤ ተገፍተዋል» አለች። «የገፋቸው ሰው ማሳያው ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እሳቸው ጀርባቸውን ለደረጃው ሰጥተዋል። ከዚያ ወርዶ፣ ዘሏቸው አልፎ፣ መብራቱን አጥፍቶ ወደዚህ አዳራሽ ተመልሷል። ከአራታችሁ አንዱ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ትንሿ በር ጠቆመች።

«የብረት ደረጃ ነው፤ ሰው ሲወድቅበት ይጮኻል። ማንም አልሰማም። እንግዲህ የወደቁት ሌላ ድምፅ በማያሰማው በዝናቡ ጊዜ ነው። ያኔ ከወንበሩ ያልነበረው ማን ነው? ትናንት እያንዳንዳችሁ ከዝናቡ በኋላ ምን እንዳያችሁ ነገራችሁኝ። እሜቴ፣ እርስዎ ራስዎን መስኮት ዳር ቆመው አዩ።»

«አየሁ» አሉ ባለቤታቸው።

«አንተም ሲጋራህን ጨርሰህ ስትመለስ እናትህን መስኮት ዳር አገኘሃት።»

«አዎ።»

«ታዲያ አንድ ሰው ሌላ ፊልም አየ።» ወደ ኋላ ወንበሮች ተመለከተች። «ዲኑ ከዝናቡ በኋላ ርብራቡን አየሁ አለኝ። የዚያችን ልጅ አወዳደቅ። የራሱን ድምፅ።»

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። «የምን ድምፅ?»

ዲኑ ከወንበሩ በግማሽ ተነሣ።

«ያ ትዕይንት ትናንት አልታየም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ፊልሙን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ የለም። ኤዲተሯን ጠየቅኋት። ፕሮፌሰሩ ትናንት ጠዋት ብቻቸውን ገብተው ያወጡት እሱን ነው። በቦታው መስኮቱን አስገቡ።»

«ወጥቷል?» የዲኑ ድምፅ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «አይደለም። አይወጣም። "አላወጣውም" ብለውኛል።»

«ባለፈው ሰሞን ብለውዎታል። ትናንት ጠዋት ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሁሉ እንደሌለ ያውቃሉ። የማያውቀው ወንበሩ ላይ ያልነበረው ብቻ ነው። እርስዎ ሰው ሁሉ አይቶታል ብለው ስላሰቡ ቀድሞ መናዘዝ ይሻላል አሉ። ራስዎን እውነተኛ አስመስለው ያላዩትን አየሁ አሉኝ። እትዬ ድንጋይ ሆነው ቀሩም አሉ። እሳቸው ግን ፊልሙን ካዩ በኋላም የነገሩኝ ያው "እህቴን የገደላት ባሌ ነው" የሚለውን ነው። ያን ምስል ያየች ሴት እንዲህ ትላለች?»

ሳጅኑ ሳይታዘዝ ወደ ትንሿ በር ሄዶ ቆመ።

ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጠበቃ ይዘው መከራከር ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ለራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሲወጡ ምን አሏቸው?»

 ዲኑ ለሸራው የሚናገር ይመስል ፊቱን ቀና አደረገ።

«ማሽኑን አጥፉት አልኳቸው። ልጃቸው ሲወጣ ብርሃን በገባበት ቅጽበት በትንሿ በር ገባሁ፤ ዝናቡ ሳያልቅ ብዬ ሮጬ ነው የወጣሁት። ወደ ማሽኑ ስገባ ክንዴን ይዘው ወደ ደጅ ሳቡኝ፤ ድምፃችን አዳራሽ እንዳይገባ። ልለምናቸው ብል አላስጨረሱኝም። በእጃቸው ወደ ታች እያሳዩ "ውረድና እየው! ሂድ፣ ተቀምጠህ እየው!" አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር። የተሳለቁብኝ መሰለኝ። አዋርደውኝ የሚስቁ መሰለኝ። ገፋኋቸው።» እጆቹን አየ። «ሊነግሩኝ ኖሯል። እንደሌለ ሊነግሩኝ...»

«ለምን አወጣው?» አለ ልጅየው ተነሥቶ። ጥያቄው ለማንም አልነበረም። «የኔን ሳያወጣ የእሱን ለምን አወጣለት?»

የመለሰችው ኤዲተሯ ናት። «ትናንት አዳራሹ በር ላይ ነግረውኛል። "ያን ያስገባሁት ለእውነት ብዬ መስሎኝ ነበር። ለካ ሚስቴ ይቅር እንድትለኝ ብዬ ነው። ሰው አሳልፎ በመስጠት ይቅርታ አልለምንም" አሉ። "ልጄ ነው ያነቃኝ፤ ማታ እደውልለታለሁ" አሉ።»

 ልጅየው ወንበሩን እየዳበሰ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ባለቤታቸው ግን አላለቀሱም። ተነሥተው በወንበሮቹ መሐል አለፉና ኤዲተሯ ፊት ቆሙ። ዲኑን ዞር ብለው አላዩትም።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ትዕይንቱን ስናስገባ ነው ያወቅሁት፣ እትዬ። እንዳልነግርዎት አስማሉኝ።»

«ማን ለምኖት?» አሉ ሴትዮዋ። መጀመሪያ በዝግታ ነበር፤ ከዚያ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። «ማን ለምኖት ነው? ጨዋ ሁንልኝ ያልኩት እኔ ነኝ? የሰው ልጅ እንዳይጠፋ ብሎ እኔን አጠፋኝ! በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር! ያ ሁሉ ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው ስተኛ "እኔ አላልኳትም" ቢለኝ ምን ነበር? አላምነው ይሆናል። አንድ ቀን ግን አምነው ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ፣ ተሸክሞ፣ ፃድቅ ሆኖ አረፈው። እኔስ? እኔ አሁን ይህን ጥላቻ ወዴት ልውሰደው?»

 ልጃቸው መጥቶ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል ቀስ ብለው አስለቀቁትና ብቻቸውን ወደ በሩ ሄዱ።

ሳጅኑ ዲኑን ይዞ ወጣ። ኢንስፔክተሯ ፊልሙና ተቆርጦ የወጣው ትዕይንት ያሉበትን ኮምፒውተር አሽጋ ወሰደች፤ ማስረጃ ነውና ክርክሩ እስኪያልቅ ከችሎት ውጭ ማንም ሊያየው አይችልም።

ዲኑ በኋላ ጠበቃ ይዞ ቃሉን ካደ። ስለዚህ የፕሮፌሰሩ የመጨረሻ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በፍርድ ቤት ችሎት ነበር። ወሬው ተሰምቶ ቀደም ሲል አንድም ፊልማቸውን ያላየ ሰው ሁሉ መጣ። ተማሪዎቻቸው በየመስኮቱ ተንጠላጠሉ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆመ። በሕይወታቸው ይህን ያህል ተመልካች አግኝተው አያውቁም።

ፊልሙ በችሎቱ ነጭ ግድግዳ ላይ ተጀመረ። ሕዝቡ በፕሮፌሰሩ ቀልድ ሳቀ፤ ያለቀሰው ሕፃን ሲመጣ ጸጥ አለ። ዝናቡ ችሎቱን አናወጠው። ሲያባራ ሴትዮዋ መስኮት ዳር ቆመው ታዩ፣ ፊታቸው በከፊል በብርሃን። የፕሮፌሰሩ ድምፅ መናገር ጀመረ፤ «ይቺን ሴት...»

«ይበቃል» አሉ ዳኛው። «ከዝናቡ በኋላ ያለው ምን እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ተረድቷል። ቀሪው ለጉዳዩ አስፈላጊ አይደለም። ይጥፋ።»

ጠፋ። ሕዝቡ መንጫጫት ጀመረ። ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ባለቤታቸው ብድግ አሉ።

«እንዲጨርስ ፍቀዱለት» አሉ። «ያን ለት መስኮቱ ላይ ራሴን ሳይ ተናድጄ ጆሮዬን ደፈንኩ። ስለኔ ምን እንዳለ አልሰማሁትም።»

ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋቸው፤ ያዘኑላቸውም ይመስላሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን ተመለከቱና ችሎቱ ለሌላ ቀን መቀጠሩን ተናገሩ። ሠራተኛው የማሳያውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ሕዝቡ እየተጋፋ ሲወጣ ሴትዮዋ ነጩን ግድግዳ እያዩ ቆመው ነበር።